ስለ ሸመገሉ ዛፎችና ከጥላቸው በታች ስለሚሰበሰበው ሕዝብ

በአገራችን ዛፍ ከጥላነቱ በላይ ብዙ ማዕርግ ያለው ፍጥረት ነው። ሽማግሌዎች ለዕርቅ የሚቀመጡት ከዋርካ ሥር ነው፤ ገበያ የሚቆመው ከሾላ አጠገብ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ዳዊቱን የሚደግመው፥ ማኅበርተኛ ጽዋውን የሚጠጣው፥ ከሩቅ የመጣ ባላገርም ጉዳዩ እስኪታይለት ድረስ በመሥሪያ ቤት ደጅ የሚቈየው በዛፍ ጥላ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ያለ ዐጸድ ራቍቷን እንደ ቆመች ትቈጠራለች። በደቡብ ጎንደርና በጎጃም ሜዳው ሁሉ ታርሶ ባለቀበት ስፍራ፥ ከሩቅ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የደብር ቅጽር መሆኑን መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል። አባቶች በግዝት የጠበቁት ጽድ፥ ዝግባ፥ ወይራና ዋንዛ ዛሬ ለሊቃውንት መመርመሪያ፥ ለአዕዋፍም መጠጊያ ሆኗል።

ዳሩ ግን ዛፍ ምንም ያህል ቢከበር ዕድሜው የተወሰነ ነው። ይወለዳል፥ ይጐለምሳል፥ ይሸመግላል፤ በመጨረሻም ወይ ቆሞ ይደርቃል፥ ወይ ይወድቃል። ከሰው የሚለየው ሲወድቅ ብቻውን ላይወድቅ በመቻሉ ነው። እኛ ስለ ዛፍ ሁለት ነገር በደኅና እናውቃለን፤ ይኸውም መትከልና መቍረጥ ነው። በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ሦስተኛው ሥራ፥ ማለት ቆሞ ያለውን ሽማግሌ ዛፍ መመርመር፥ የታመመውን ክፍል መለየት፥ የሚያሰጋውን ቅርንጫፍ ዛፉን ሳይጐዱ ማንሣት፥ ተስፋ የሌለውንም በጥንቃቄ ማውረድ፥ በሌላው ዓለም ራሱን የቻለ ሙያ ሲሆን በእኛ ዘንድ ገና ስም እንኳ አልወጣለትም። የአጥንትን ስብራት የሚጠግነውን ወጌሻ እንደምንል፥ ይህንንም ሙያተኛ የዛፍ ወጌሻ ብንለው ከሥራው የሚርቅ አይመስለንም።

ነገሩ ቀላል ወይም የቅንጦት የሚመስለው ቢኖር፥ በፖርቱጋል ግዛት በማዴይራ ደሴት የሆነውን እናስታውሰዋለን። ከፉንሻል ከተማ በላይ ሞንቴ በሚባለው ኰረብታ ላይ በእመቤታችን ስም የታነጸች፥ በደሴቲቱ ሕዝብ ዘንድ እጅግ የተከበረች ቤተ ክርስቲያን አለች። የምዕራብ ክርስቲያኖች የእመቤታችንን ዕርገት የሚያከብሩት በኤውሮጳ አቆጣጠር በኦገስት 15 ቀን ነው። በ2017 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር፥ በእኛ ነሐሴ 9 ቀን 2009 ዓ.ም. ማለት ነው፥ የእኛ ሕዝብ በጾመ ፍልሰታ ሱባዔ ላይ ሳለ፥ የዚያ አገር ምእመናን የበዓሉን ዑደት ለመጠበቅ በቤተ ክርስቲያኒቱ አጠገብ ባለው አደባባይ በዛፎች ጥላ ሥር ተሰብስበው ነበር። ጊዜው በዚያ አገር በጋ ነው። ዕድሜው 200 ዓመት ያህል ይሆናል የተባለ፥ በፈረንጅ ቋንቋ ኦክ የሚባል ታላቅ ዛፍ ከሥሩ ተገንድሶ በሕዝቡ ላይ ወደቀ። 13 ሰዎች ሞቱ፤ 50 የሚያህሉትም ቈሰሉ። ከዚያም በኋላ ኀላፊነቱ የማን እንደ ሆነ፥ ዛፉንስ ማን ማየት ይገባው እንደ ነበረ ረዥም ክርክር ተነሣ። ለሞቱት ግን ክርክሩ የሚመልስላቸው ነገር አልነበረም።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ሰውን ከዛፍ ጥላ ለማስደንገጥ አይደለም። የዚያ ቀን አኳኋን ከእኛ አኳኋን ጋር የሚመሳሰል ስለ ሆነ ነው። የእኛም ሕዝብ በጥምቀት፥ በመስቀልና በየደብሩ ንግሥ ዕለት በሺህ እየተቈጠረ ታቦቱ እስኪወጣ ድረስ የሚጠብቀው በአሮጌ ዛፍ ሥር ነው፤ ሕፃናትም ከቅርንጫፍ ላይ ወጥተው ይመለከታሉ። ማንም ሰው በዚያ ቀን ቀና ብሎ የዛፉን አናት አይመረምርም። ስለዚህ ምርመራው አስቀድሞ ባለሥልጣን በሆነ ሰው ሊደረግ ይገባዋል።

በኦሪት ስለ ተዋጊ በሬ የተነገረውን ሥርዐት ካህናት ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በሬው ከዚያ በፊት ተዋግቶ የማያውቅ እንደ ሆነ የባለቤቱ ዕዳ ቀላል ነው፤ ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳይጠብቀው የቀረ ባለቤት ግን በብርቱ ይጠየቃል። አዲስ ቤት የሚሠራም ሰው ከሰገነቱ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግለት ታዝዟል። የዛፍም ነገር በዚሁ መንገድ የሚታይ ነው። ማንም ሳያውቀው በዐውሎ ነፋስ የወደቀ ጤነኛ ዛፍ አንድ ነገር ነው። ከግርጌው እንጉዳይ አብቅሎ፥ ግንዱ ተሰንጥቆ፥ የሰፈር ሰው ሁሉ በየቀኑ እያየው የቆየ ዛፍ ሲወድቅ ግን፥ ያ ዛፍ ተዋጊነቱ ለባለቤቱ የተነገረለት በሬ ነው።

እንግዲህ ዛፍ እንዴት እንደሚታመም በጥቂቱ እናስረዳ። በዚህ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረው በአሜሪካ የደን መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው አሌክስ ሺጎ ነው። ይህ ሰው በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1930 ዓ.ም. ተወልዶ በ2006 ዓ.ም. ያረፈ ሲሆን፥ አንድ ሰው የሚይዘው የሞተር መጋዝ በተስፋፋበት ዘመን የተነሣ ስለ ነበረ፥ ከእርሱ በፊት የነበሩት ሊቃውንት ያላደረጉትን አደረገ። ከእርሱ በፊት ግንድ ይመረመር የነበረው በአብዛኛው እንደ ዳቦ ወደ ጐን ተቈርጦ ነው፤ ሺጎ ግን ከአናት እስከ ሥር በቁመቱ እየሰነጠቀ፥ ብስባሴው ከየት ተነሥቶ እስከ የት እንደ ደረሰ በብዙ ሺህ ዛፎች ላይ በዐይኑ ተመለከተ።

ያገኘውም ነገር ብዙዎች ከሚያስቡት የተለየ ነበር። ሰው ሲቈስል የተጐዳው ሥጋ በአዲስ ሥጋ ይተካል፤ ቁስሉም ይድናል። ዛፍ ግን አይድንም። የቈሰለው እንጨት ዛፉ እስኪሞት ድረስ ቈስሎ ይኖራል። ዛፉ ማድረግ የሚችለው በቁስሉ ዙሪያ ቅጥር ማጠር ነው። ሺጎ በ1977 ዓ.ም. በኤውሮጳ አቆጣጠር ባወጣው ጽሑፍ ይህን ቅጥር በአራት ከፈለው፤ አንዱ ብስባሴው ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይሄድ፥ ሁለተኛው ወደ ውስጥ እንዳይገባ፥ ሦስተኛው ወደ ጐን እንዳይዞር የሚከለክል ነው፤ አራተኛውና ከሁሉ የሚጠነክረው ዛፉ ከቈሰለ በኋላ በሚያበቅለው አዲስ እንጨትና በአሮጌው መካከል የሚቆመው ነው። ጠላት የከበባት ከተማ አንዱን ቅጥር ስታጣ ወደ ውስጠኛው ቅጥር እንደምትሸሽ፥ ዛፍ በተቃራኒው ውስጡን ለጠላት ትቶ ወደ ውጭ ይሸሻል። ስለዚህ ነው መካከሉ ፈጽሞ የተቦረቦረ ሾላ በየዓመቱ እየለመለመ የሚታየው፤ ሕይወቱ በልጡና ከልጡ ቀጥሎ ባለው እንጨት ስለ ሆነ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለብዙ ዛፎች ምሕረት የሚያስገኝ ነው። የተቦረቦረ ዛፍ ሁሉ የሚወድቅ አይደለም። ሸምበቆ ውስጡ ባዶ ሲሆን ነፋስን እንደሚችል፥ ግንድም ዙሪያው በቂ ውፍረት ካለው ይቆማል። በጀርመን በካርልስሩሄ ከተማ ያስተምር የነበረው ክላውስ ማትሄክ የቆሙትንና የወደቁትን ዛፎች አመዛዝኖ፥ ከግንዱ መካከል እስከ ቅርፊቱ ካለው ርቀት ሢሶው ያህል ጤነኛ እንጨት ሲቀር አደጋው እንደሚያንስ፥ ከዚያ ሲቀጥን ግን እንደሚበረታ አሳይቷል። ይህ መነሻ ነው እንጂ ለሁሉ የሚሆን ሕግ አይደለም፤ ቡርቡሩ በአንድ ወገን አፍ ከከፈተ፥ ወይም ዛፉ ካዘነበለ፥ ያው ውፍረት ላይበቃው ይችላል። መሣሪያ ለሌለው ሰው ጥንታዊው መንገድ ግንዱን ዙሪያውን በእንጨት መዶሻ እየመቱ ማዳመጥ ነው። ጤነኛው ክፍል ድምፁ ጭብጥ ያለ ሲሆን፥ ባዶው እንደ ከበሮ ይጮኻል። ከበሮ በመምታት የተለማመደ ደብተራ ለዚህ ሥራ ከማንም የተሻለ ጆሮ ሳይኖረው አይቀርም።

ከዚህ የሚከፋው የማይታየው የሥር በሽታ ነው። ብዙ ሰው የዛፍ ሥር ቅርንጫፉ ወደ ላይ የወጣውን ያህል ወደ ታች የሚወርድ ይመስለዋል። ነገር ግን አብዛኛው ሥር የሚገኘው በላይኛው 60 ሳንቲሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ጐን ግን ከቅርንጫፉ ጥላ አልፎ ይሄዳል። እንግዲህ ከግንዱ ሁለት እርምጃ ርቆ አንድ ቦይ የቈፈረ ሰው፥ ዛፉን ያልነካው ይመስለዋል እንጂ የሚቆምበትን እግር ቈርጦታል። ዛፉም በዚያው ዓመት አይወድቅም። የተቈረጠው ሥር ይበሰብሳል፥ ብስባሴው ወደ ግርጌው ይመጣል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ መሬቱ በክረምት ዝናብ ሲርስ ዛፉ ከነአፈሩ ይነቀላል። ያን ጊዜ የሚወቀሰው ነፋሱ ነው፤ ቦዩን የቈፈረውን የሚያስታውስ የለም።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በአንድ ደብር የዐይን ምስክር ነበር። ምእመናን በጎ አስበው ገንዘብ አዋጥተው ቅጽሩን በድንጋይ ግንብ አሳጠሩት። ግንበኛው መሠረቱን ቀጥ አድርጎ ለመውሰድ ሲል ሦስት ታላላቅ ጽዶችን በአንድ ወገን ሥራቸውን ቈርጦ አለፈ። ከሥራው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሥሩን እያየ፥ ለማገዶ እንኳ እየተካፈለ፥ ይህ ነገር ምን ያመጣል ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ጸሓፊውም አልጠየቀም። በአምስተኛው ክረምት ከሦስቱ አንዱ በሌሊት ወድቆ ያንኑ ግንብ አፈረሰው። ሌሊት ባይሆን፥ ያም ቀን እሑድ ቢሆን ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ ያስፈራል።

በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ደግሞ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ምክንያቶች አሉ። አንዱ መቃብር ነው። ሰው ዘመዱን ከዛፍ ጥላ ሥር ለማሳረፍ ይወዳል፤ እያንዳንዱም ጕድጓድ ከሥሩ ጥቂት ይወስዳል፤ በመቶ ዓመት ውስጥ ዛፉ በመቃብር ተከብቦ ሥር ያጣል። ሁለተኛው በግንዱ ዙሪያ ሲሚንቶ ማልበስና አፈር መከመር ነው። ይህ ለማስጌጥ ይደረጋል፤ ሥሩ ግን አየር አጥቶ ይታፈናል፤ የግንዱም እግር ርጥበት ይዞ ይበሰብሳል። ሦስተኛው የእሳት ነገር ነው። ደመራ ለዛፍ በጣም ቀርቦ ሲደመር ቅርፊቱ በአንድ ወገን ይቀቀላል፤ በዚያ ዓመት የማይታየው ቁስል ከጥቂት ዘመን በኋላ ቅርፊቱ ሲላቀቅ ይገለጣል። ደመራውን ጥቂት ራቅ ማድረግ ከበዓሉ ክብር ምንም አይቀንስም።

ዛፍ ሊወድቅ ሲል የሚያሳያቸውን ምልክቶች ማንም አስተዋይ ሰው ሊማራቸው ይችላል። ከግርጌው ወይም ከግንዱ ላይ እንደ መደርደሪያ የሚወጣ ጠንካራ እንጉዳይ ውስጡ መበስበሱን ይናገራል። ዱሮ ያዘነበለ ዛፍ በዚያው ጠንክሮ ሊኖር ይችላል፤ ቀጥ ብሎ የኖረው በቅርብ ጊዜ ካዘነበለና ከተዘነበለበት በስተጀርባ መሬቱ ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ ግን የሳምንት ጊዜ እንኳ የሚሰጥ አይደለም፤ ሕዝቡን በዚያው ቀን ማራቅ ይገባል። በክረምት አናቱ ብቻ ቅጠል ያጣ ዛፍ ሥሩ ታሟል ማለት ነው። ሁለት እኩል ግንዶች እንደ ሹካ ተጣብቀው ሲያድጉና በመካከላቸው ቅርፊት ወደ ውስጥ ታጥፎ ሲገባ መጋጠሚያው አይያያዝም፤ ዛፉ በወፈረ ቍጥር እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። ቅርንጫፉ ወደ ላይ ከወጣበት ማዕዘን ይልቅ ይህ የታጠፈ ቅርፊት ነው ዐይን ሊያርፍበት የሚገባው።

ስለ ባሕር ዛፍ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። በ1880ዎቹ ዓመታት፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከገባ ጀምሮ፥ እንጨት ከማጣት የተነሣ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር የታሰበውን ከተማ በስፍራው ያጸናው እርሱ ነው፤ ውለታው አይካድም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ በአገራችን የሚኖረው እየተቈረጠና ከጕቶው እያቈጠቈጠ ነው። ቍጥቋጦው በጥቂት ዓመት ውስጥ ለአጥርና ለቤት ማገር ሲቈረጥ ጕዳት የለውም። ለመቍረጥ የሚደፍር ጠፍቶ በመንገድ ዳርና በመሥሪያ ቤት ግቢ ታላቅ ግንድ እስኪሆን ሲተው ግን፥ ያ ግንድ የቆመው በበሰበሰ ጕቶ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ነው። ከላይ ሲታይ ጤነኛ፥ ለምለምና ቀጥ ያለ ነው፤ ከእግሩ ግን የሚይዘው ነገር የለም። ከመንገድ ዳር ዛፎች ሁሉ ይልቅ በመጀመሪያ ሊመረመር የሚገባው ከአሮጌ ጕቶ የበቀለ ረዥም ባሕር ዛፍ ነው። ለጥላ የተተከለው ግራቪሊያም ቅርንጫፉ ቀላል ነፋስ የሚሰብረው ነውና ከበታቹ መኪና ማቆምም ሆነ አግዳሚ ወንበር ማኖር አይመከርም። ወይራ፥ ዝግባና ጽድ ግን ሥራቸው ካልተነካ ታማኝ ዛፎች ናቸው።

አሁን ወደ መቍረጡ እንምጣ፤ ምክንያቱም ከበሽታው ይልቅ በክፉ ሐኪም የሚሞተው ዛፍ ይበዛል። በከተሞቻችን የምናየው ልማድ፥ ዛፍ ሲረዝም አናቱን በሙሉ ጨፍጭፎ ምሰሶ አስመስሎ መተው ነው። ሠራተኛው አደጋውን ያራቀ ይመስለዋል። ዳሩ ግን የተጨፈጨፈው ጫፍ ቅጥር ሊያጥርለት የማይችል ሰፊ ቁስል ስለ ሆነ ይበሰብሳል፤ ከጠርዙም ብዙ ቍጥቋጦ በአንድ ጊዜ ይፈላል፤ እነዚህም በጥቂት ዓመት ውስጥ ወፍረው ከበሰበሰው ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። እንግዲህ ጤነኛ የነበረውን አናት አውርዶ አደገኛ አናት ማብቀል ማለት ነው። ይህን ሥራ ገንዘብ ከፍሎ ከማሠራት ምንም አለመሥራት ይሻላል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ትክክለኛው አቈራረጥ እንዲህ ነው። ቅርንጫፍ ከግንዱ በሚገናኝበት ስፍራ እንደ ቀሚስ አንገትጌ ያበጠ ቀለበት አለ። ዛፉ ቅጥሩን የሚሠራው በዚህ ቀለበት ውስጥ ነው። ስለዚህ ቍርጡ ከቀለበቱ ውጭ፥ ግን ከእርሱ ሳይርቅ መሆን አለበት። ከግንዱ ጋር ልክ እስኪሆን አስጠግቶ የላጨው ሰው ቅጥሩን አፍርሶበታል፤ ረዥም ጕማጅ የተወም ሰው ለብስባሴ መንገድ ከፍቶለታል። ከባድ ቅርንጫፍም በአንድ ቍርጥ አይወርድም፤ ክብደቱ ተገንጥሎ ሲወርድ የግንዱን ቅርፊት እስከ ታች ይዞ ይላጣልና። በመጀመሪያ ከግንዱ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ርቆ ከሥር ወደ ላይ በመጠኑ ይሰነጥቁታል፤ ቀጥሎ ከዚያ ጥቂት ወደ ውጭ ከላይ ወደ ታች ቈርጠው ክብደቱን ያወርዱታል፤ በሦስተኛው የቀረውን ጕማጅ ከቀለበቱ አጠገብ ያነሡታል። ይህን ለመማር ግማሽ ቀን ይበቃል።

ቁስሉን ሬንጅ፥ ቀለም ወይም እበት መቀባት ለዘመናት የተወደደ ነገር ነበር። ሺጎና ሌሎችም መርምረው ብስባሴን እንደማይከለክል፥ አንዳንድ ጊዜም ርጥበት ይዞ እንደሚረዳው አስታውቀዋል፤ እንዲሁ መተው ይሻላል። ቡርቡሩን በሲሚንቶ መድፈንም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ይህን ሙያ ካቋቋሙት አንዱ የሆነው ጆን ዴቪ በ1901 ዓ.ም. በኤውሮጳ አቆጣጠር የዛፍ ሐኪም የሚል መጽሐፍ ካወጣ በኋላ በዚያ አገር ብዙ ዛፍ በሲሚንቶ ተደፍኖ ነበር። ሲሚንቶ ግን ከዛፍ ጋር አይወዛወዝም፤ ነፋስ ሲመጣ ግንዱን ከውስጥ ይፈጨዋል። ዛሬ ሥራው ቀርቷል። ሙያ ከስሕተቱ የሚማር መሆኑን ይህ ያሳያል፤ እኛም ሥራውን ስንጀምር ሌላው የጣለውን እንዳናነሣ ያስፈልጋል።

ሠራተኛውም ራሱ ነፍስ ነው። በባዶ እግሩ መጥረቢያውን ታጥቆ ዛፍ ላይ የሚወጣው የቀን ሠራተኛ በአገራችን የተለመደ ነው፤ ከወደቀም የሚጠይቅለት የለም። የዛፍ ወጌሻ የሚወጣው በወፍራም ገመድና በመቀነት ታስሮ፥ ራሱን በጠንካራ ቆብ ሸፍኖ፥ ከበታቹም ገመዱን የሚይዝና ሰው የሚከለክል ጓደኛ አቁሞ ነው። በጫማ ላይ የሚታሰር የብረት እሾህ የሚፈቀደው ዛፉ ሊወርድ ከተቈረጠበት ብቻ ነው፤ የሚኖረውን ዛፍ በየእርምጃው ያቈስለዋልና። የሞተር መጋዝ በአንድ እጅ ወይም ከመሰላል ላይ ሆኖ መያዝ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ከመሬት ተቈርጦ ለሚወድቅ ዛፍም፥ ከሥራው ውጭ የሆነ ሰው ሁሉ ከዛፉ ቁመት ቢያንስ እጥፍ መራቅ ይገባዋል፤ ቈራጩም አስቀድሞ የሚሸሽበትን መንገድ ወደ ኋላና ወደ ጐን ያዘጋጃል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከቅርንጫፉ አጠገብ ካለ ግን ኀይሉ እስኪቋረጥ ድረስ ማንም እጁን እንዳያነሣ፤ ርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል።

ይህን ሁሉ ያነበበ አንድ ትጉ ሹም በነጋው መጋዝ አስይዞ በግቢው ያለውን ሽማግሌ ዛፍ ሁሉ ሊያስወርድ እንዳይነሣ እንሰጋለን። ስለዚህ የአደጋውን መጠን መናገር ይገባል። በብሪታንያ፥ ከስድሳ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር፥ ዛፍ ወይም ቅርንጫፍ ወድቆበት የሚሞተው ሰው በዓመት ስድስት ያህል እንደ ሆነ ተቈጥሯል። በመንገድ ላይ በመኪና ከሚሞተው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የዛፍ ወጌሻ ዋና ዕውቀቱም መቍረጥ ሳይሆን ሦስት ነገሮችን ማመዛዘን ነው፤ ይህ ክፍል የሚወድቅ ይመስላልን፥ ቢወድቅ ክብደቱ ምን ያህል ነው፥ ከበታቹስ ማን አለ? ሰው በማይደርስበት ገደል ላይ የበሰበሰ ዋርካ አደገኛ ዛፍ አይደለም፤ የወፎች ቤት ነው። ያው ዋርካ በትምህርት ቤት ደጅ ቢሆን ፍርዱ ይለወጣል። ብዙ ጊዜ ከዛፉ ይልቅ ወንበሩን ማንሣት ይቀላል።

በሉቃስ ወንጌል በ13ኛው ምዕራፍ ፍሬ ስላጣችው በለስ የተነገረውን ምሳሌ እናስታውሳለን። ባለቤቱ ትቈረጥ ሲል የአትክልቱ ሠራተኛ የአንድ ዓመት ጊዜ ለመነላት፤ ዙሪያዋን ሊኰተኵትላት፥ ፍግም ሊያፈስላት ቃል ገባ። የዛፍ ወጌሻ ሥራ ይህ ነው፤ የተመጠነ ጊዜ መለመን። ብቻ በሽማግሌ ዛፍ ዙሪያ መኰትኰት ከላይ እንደ ተናገርነው ሥሩን ይጐዳልና፥ ከወይን ቦታው በለስ በዚህ ይለያል። ለሽማግሌው ዛፍ የሚበጀው የረገፈ ቅጠሉን ሳይጠርጉ በሥሩ መተው፥ ከብትና መኪና እንዳይረግጠው ማጠር፥ ደረቁን ቅርንጫፍ ማንሣት፥ በረዥም ቅርንጫፍ ላይ ያለውን ክብደት ከጫፉ በጥቂቱ መቀነስ ነው። በአንድ ዓመት ከለምለሙ ክፍል ብዙ መውሰድ ሽማግሌ ዛፍን ይገድለዋል፤ ሥራው በሁለትና በሦስት ዓመት ተከፍሎ ይሠራ።

በየወረዳውና በየደብሩ ሊደረግ የሚቻለውም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ሰው በሚሰበሰብበት ስፍራ ያሉት ታላላቅ ዛፎች በመዝገብ ይጻፉ፤ ለእያንዳንዱ ቍጥር ይሰጠው። በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በግንቦት ክረምቱ ሳይገባና በኅዳር ክረምቱ ካለፈ በኋላ፥ አንድ የተመደበ ሰው ዙሪያቸውን ዞሮ ያየውን በቀኑ ይጻፍ። ከጥምቀትና ከንግሥ በዓል በፊት ታቦቱ የሚያልፍበትና ሕዝቡ የሚቆምበት ስፍራ ለብቻው ይታይ። በነጐድጓድ ጊዜ ከረዥም ዛፍ ሥር መጠለል መብረቅ እንደሚያስመታ ለተማሪዎች ይነገር፤ በየዓመቱ ክረምት የሚሰማው ሐዘን ከዚህ የተነሣ ብዙ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እናሳስባለን። ዛፉ አደገኛ ነው ብሎ የሚፈርደው ሰውና እንጨቱን የሚወስደው ሰው አንድ መሆን የለበትም። ዋጋው በእንጨት የተከፈለው ቈራጭ ወፍራሙንና ጤነኛውን ግንድ ያወርዳል፤ ቡርቡሩንና ደረቁን፥ ለገበያ የማይሆነውን ማለት ነው፥ በስፍራው ይተወዋል። ይህን በዐይናችን አይተናል። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ይቈረጥ በተባለ ጊዜ ሕዝቡ የሚያጕረመርመውና የሚጠራጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። ፍርዱ በጽሑፍ ይሁን፤ ካህናቱና የሰበካው ሽማግሌዎች ይፈርሙበት፤ እንጨቱም ለደብሩ ሥራ ይዋል። በወደቀው ምትክ የአገሩ ጽድ ወይም ዝግባ በዚያው ክረምት ይተከል። በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ተተከለ ተብሎ የሚነገረው የመናገሻ ጽድ ዛሬ እኛን የሚያስጠልለው አንድ ሰው ራሱ የማይቀመጥበትን ጥላ ስላሰበ ነው።

በሸዋ ባለች አንዲት ደብር ቀደም ብለን ባልጠቀስነው ቅጽር ውስጥ አንድ ዝግባ አለ። ውስጡ ባዶ ነው፤ ንቦች ሰፍረውበታል። ከሥሩ ሰንበቴ የሚበላበት የድንጋይ መደብ ነበረ። የደብሩ ገበዝ አንድ ቀን ከመደቡ በላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ቅርንጫፍ አይተው፥ ዛፉን ለመንካት የሕዝቡን ቅሬታ ፈሩ፤ ሳይነኩ ለመተውም ኅሊናቸው አልፈቀደላቸውም። በመጨረሻ አንድ ዕውቀት ያለው ሰው አስመጥተው ያን ቅርንጫፍ ብቻ በገመድ አወረዱት፤ መደቡንም ድንጋይ በድንጋይ አንሥተው ወደ ምሥራቅ በር አዛወሩት፤ በዛፉ ዙሪያ ከሠላሳ እርምጃ ርቀት ላይ የወይራ አጥር አጠሩ። በመጀመሪያው እሑድ ማኅበርተኛው ፀሐይ መታን ብሎ አጕረመረመ። ገበዙም መደቡ ባለበት አጠገብ ሁለት የዝግባ ችግኝ ተከሉ። እኛ ባየናቸው ጊዜ ችግኞቹ ከአንድ ክንድ ጥቂት አልፈው ነበር፤ ሽማግሌውም ዝግባ ከነንቦቹ ቆሟል።